ባሮ ሲሞላ፣ የድሃ ቤት ወዴት ይሄዳል?

ጋምቤላ ከተማ የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ቡናማ መስመር ዙሪያውን ይዞር ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ቀለም ቀቢው የተወው መስሎኝ በልቤ ታዘብኩት። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ በ2014 ዓ.ም ነሐሴ ማብቂያ ባሮ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ሲገባ ውሃው የቆመበት ልክ ነው። አከራዩ ሁለቴ አስቀብቶታል። ቀለሙ ሲደርቅ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል።

እኔ ከተማው የገባሁት በ2015 ጥር ላይ ነው። በጥር ባሮን ላየው ሰው ጎርፍ የሚባል ነገር ተረት ነው። ውሃው ሳስቶ አሸዋው ወጥቶ፣ ልጆች መሀሉ ላይ ይራጫሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሰኔ ሲገባ ግን ያ መስመር ይከነክነኝ ጀመር። እንደ ደንበኛ ከተሜ ወረቀት አውጥቼ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ባትሪ፣ ሻማ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ውሃ፣ የዝናብ ልብስ። ሒሳቡን ስደምረው የወር ኪራዬን አለፈ። ጎረቤቴ አንዲት የኑዌር እናት ነበሩ፤ ከላሬ በኩል የመጡ፣ አማርኛን በገበያ የተማሩ። ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ “ዕቃህን ነገርከኝ። የምትሄድበትን አልነገርከኝም” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኚህን ሴት እማማ ነው የምላቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ከእሳቸውም ከእኔም ይልቃል። የዚያን አገር የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ በዚህች ጥያቄ በኩል ማንበብ ይቻላል፤ ውሃው ሲመጣ ማን የት ሄደ? የሚሄድበትስ ያጣው መቼ ነው?

አስቀድሞ ስለ ውሃው። የጋምቤላ ጎርፍ እንደ ድሬዳዋ ጎርፍ በሌሊት አጓርቶ የሚመጣ አይደለም። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለባሮ የተነገረ ይመስለኛል። ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ኢሉባቦር ውስጥ ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ። ከፍታው ወደ 2 ሺህ ሜትር የሚጠጋው ጎሬ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል። ያ ሁሉ ውሃ ከደጋው ተንደርድሮ ወርዶ ጋምቤላ ላይ ሜዳ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ድንበሩ ድረስ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ነው፤ ውሃው የሚሮጥበት ቁልቁለት የለውም። ስለዚህ ይተኛል። ጋምቤላ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ባሮ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ቦታ ነዋ!

ይህን ሳያውቁ የገቡ ትልልቅ ሰዎች ዋጋቸውን አግኝተዋል። በ1890 ዓ.ም ፈረንሳዮች ከምዕራብና ከምሥራቅ ተነስተው ነጭ ዓባይ ላይ፣ ፋሾዳ፣ ለመገናኘት አቅደው ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል የተላከው የቦንሻን ጓድ ባሮን ተከትሎ ወርዶ ረግረጉ ውስጥ ቀረ፤ ጀልባ አልነበራቸውም። ቀጥሎ የኢሉባቦሩ ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው (ኋላ ራስ) ጦር ይዘው፣ ጥቂት ፈረንሳውያንና አንድ የሩሲያ መኮንን አስከትለው ወረዱ። በሰኔ ሶባት ከነጭ ዓባይ የሚገናኝበት ደርሰው ባንዲራ ተከሉ፤ ወዲያው ግን በንዳድ የሚያልቀውን ሰው ይዘው ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው ሳምንታት ዘግይቶ ነው። እሱም ፋሾዳን ለእንግሊዝ ለቆ በሶባትና በባሮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲወጣ፣ ከኮንጎ በኩል ተፈታትታ በሰው ትከሻ ተጭና የመጣችውን ፌዴርብ የምትባል መርከቡን ባሮ ላይ ጥሏት በእግሩ ወደ ጎሬ ወጣ። የሁለት መንግሥታት ዕቅድ አንድ ወንዝ ላይ እንዲህ ተበላሸ። ዕቃ ሞልቷቸው ነበር። የጎደላቸው ያገሩን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ነው።

እንግሊዞች ከዚህ የተማሩ ይመስላል። በግንቦት 1894 ዓ.ም ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር “በኢታንግ አቅራቢያ” ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ በኪራይ አገኙ። ጣቢያው የቆመው ግን ኢታንግ ሳይሆን ከዚያ ወደ ላይ፣ ሜዳው አልቆ ኮረብታው ከሚጀምርበት ጥግ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ኢታንግን በነሐሴ ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ብቻ ነበር። ጨውና አቡጀዲ ይወጣል፤ የጎሬና የሳዮ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወርዶ ይጫናል። ባሕሩ ዘውዴ በ1960ዎቹ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚህ የምዕራብ ድንበር ታሪክ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የሚታየው ጋምቤላ ዓመቱን በውሃ ልክ የሚቆጥር ከተማ ነው። ለነጋዴው የባሮ መሙላት ገበያ ነው፤ መጉደሉ ነው አደጋው። በጊዜ ያልወጣ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ቦታው በ1949 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቡም እየቀረ ሄደ። ከተማው ግን ከወንዙ ዳር አልተነሳም።

ከነዚህ ሁሉ በፊትም በኋላም ግን እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ይኖር ነበር። ማንም ስለ “ዝግጁነት” ሥልጠና አልሰጠውም።

አኙዋኮች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። መንደራቸው ወንዝ ዳር ነው፤ ግን የትም ወንዝ ዳር አይደለም። ዳርቻው ትንሽ ከበስተኋላው ካለው ረግረግ ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ይሠፍራሉ። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ጥሎ ይሄዳል፤ እዚያው ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ። አንዱ እርሻ በዝናብ፣ ሌላው በጎርፉ ትርፍ። የመጀመሪያው ቢጠፋ ሁለተኛው የሚበቅለው ባጠፋው ውሃ ነው። እኔ ይህን ስሰማ መድን ድርጅት ትዝ አለኝ፤ ጎርፉ ራሱ ካሳ ከፋይ ሲሆን!

ኑዌሮች ደግሞ ከብት አላቸው፤ ከብት ረግረግ ውስጥ አይከርምም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከድንበሩ ማዶ ከኑዌሮች ጋር ኖሮ፣ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ዓመታቸውን ለሁለት ከፍሎ ያሳያል። ቶት ክረምቱ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉብ ጉብ ባሉ ቦታዎች ላይ በተሠሩ መንደሮች ይሰበሰባል፤ ከብቱም ማታ ማታ ትልቁ ክብ በረት ውስጥ ይገባል፤ ጭስ ይጨስለታል፣ ለትንኙ። ማይ ሲመጣ ሣሩም ውሃውም ስለሚሸሽ ሰውም ተከትሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በሣር መከለያ ጥግ እየተኛ፣ ዓሣ እየያዘ ይሰነብታል። ቤቱ ሁለት ነው ማለት ነው፤ አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለጥም። “ጎርፍ መጣ” ብሎ የሚሸሽ የለም፤ ጎርፉ ሲመጣ ሰዉ ቀድሞ እዚያ የለም።

ሌላም አላቸው። አንድ ሰው ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያጉርም። በጥሎሽ፣ በውሰት፣ በአደራ እያለ ላሞቹ በዘመድ አዝማድ፣ በአማች በኩል ይበተናሉ። በአንዱ ቦታ ውሃ ወይም በሽታ ቢፈጃቸው ሌላ ቦታ ቀሪ አለ። ይህ ሁሉ ብር አይጠይቅም፤ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ጉብታ ለማግኘት ጠብ አለ፤ አደራ ለመጠበቅ ዕድሜ ልክ ሠርግና ለቅሶ መዋል አለ። ደግሞ ያንን ዘመን ገነት አድርጎ ማውራት አልወድም። ውሃው ከልኩ አልፎ ማሽላውን የሚያሰጥምበት ዓመት ነበር፤ ያን ዓመት ሰው ይራባል፣ ልጅ ይሞታል። መጽሐፉም ይህን አይደብቅም። ብቻ፣ የሚሄድበት አጥቶ የሚሞት ጥቂት ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ባጭሩ፣ ሰዉ እንዲቆም ተደረገ። በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት፣ አንዳንዱም በበጎ ሐሳብ።

በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌላም የሰሜንና የደቡብ አካባቢ ብዙ ሕዝብ ጭኖ ጋምቤላ አሰፈረ፤ አቦቦ አካባቢ ዛሬም ልጆቻቸው አሉ። ሰዎቹ ውሃ አጥተው ነው የመጡት። ለጥም የሚዘጋጅ ሕዝብ ለጎርፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማን ያስተምረው? ቀድሞ እዚያ የነበረው ሕዝብ መሬቱን ያለፈቃዱ ተካፍሏልና ለማስተማርም ልብ አልነበረውም። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም መጣ፤ በሦስት ዓመት 45 ሺህ አባወራ የመሰብሰብ ዕቅድ ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ለማቅረብ ነው አለ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ሰዉ ሳይፈቅድ ተነሳ ብለው ተቃወሙ። ክርክሩን እዚህ አልፈታውም። ለኔ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ለሁለት ወቅት ሁለት ቤት የነበረው ሰው አንድ ቤት ኖረው።

በዚያው ዓመት ካሩቱሪ የሚባል የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር በሊዝ ወሰደ። ትራክተሩ፣ ኤክስካቫተሩ፣ ገንዘቡ ሁሉ ነበረው። በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የአፈር መከላከያ ግድብ አሠራ። በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ባሮና አልዌሮ ሞልተው ግድቡን አልፈው በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር በቆሎውን በሉበት። ኩባንያው እንዲህ ያለ ጎርፍ አልጠበቅንም አለ። መሬቱ ግን የጎርፍ ሜዳ ነው፤ ስሙም ሥራውም እሱ ነው። ውሉ በ2008 ተቋረጠ። ስለ በጀት የሚያስብ ሰው ይህን ያስታውስ፦ እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጣው ነው ብዙ የከሰረው።

ከዚህ የሚብሰው የሌይቹር ነገር ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ስደተኛው ሲጎርፍ፣ በበጋው ኑዌር ዞን ውስጥ ሌይቹር ላይ ካምፕ ተከፈተ። በበጋ መሬቱ ደረቅ፣ ሰፊ፣ ለድንኳን የተመቸ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሰፈረበት ካምፕ ውሃ ዋጠው። መጸዳጃው ከመጠጡ ተቀላቀለ። በማግሥቱ ዓመት ሰዉን ወደ ጀዊ ማዛወር ግድ ሆነ። ከስደተኞቹ አብዛኛው ኑዌር ነው፤ የቶትና የማይ ባለቤት። ጉብታ ለይቶ ማወቅ ያላቃተው ሕዝብ፣ የት እንደሚተኛ ራሱ መምረጥ ስላልቻለ ውሃ ውስጥ ከረመ።

በ2014 ክረምት የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ባሮ ከተማውንም ገጠሩንም አጥለቀለቀ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። የኔ ቤት መስመር የዚያ ፊርማ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሬ ልመለስ። እማማን ከሰማሁ በኋላ ብስኩቱንና የታሸገውን ውሃ ሰረዝኩ። በምትኩ ምን ገባ?

መጀመሪያ ስልክ። ጎሬ፣ መቱ ወይም ቡሬ የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው ቁጥር። ሚቲዎሮሎጂ የአስር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ይደመጥ። ግን “እዚህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላባራም” የሚል ሰው ከላይ ካለህ፣ ውሃው መንገድ ላይ እያለ ታውቃለህ። ይህ የጥቂት ብር ካርድ ነው።

ቀጥሎ ቆጥ። ባለ ቆርቆሮ ቤት ቢሆንም ከጣራው በታች አራት አጣናና ጥቂት ጣውላ እህልና ፍራሽ ይሸከማል። አልጋን በብሎኬት ማንሳት የቀን ሥራ እንኳ አይደለም። ዘር ለብቻው ነው፤ ያገሩ ሰው የማሽላ ራስና የበቆሎ ዛላ ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚደርስበት ይሰቅላል፤ ነቀዝም እርጥበትም አይነካውም። የተራበ ቤት ዘሩን ይበላል፤ ዘሩ ከዓይን ራቅ ያለ ቦታ ቢሆን ይሻላል ይላሉ እማማ፤ ዋናው ሌባ ባለቤቱ ነው።

ወረቀት፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል። ሁለት ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አፉ ታስሮ፣ በር አጠገብ። ጋምቤላ ውስጥ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን እንደገና ማስረዳት ሊጠበቅበት ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም።

ሸራና ገመድ። ባለ ክዳን ጀሪካን፤ ውሃው ሳይደፈርስ የሚሞላ። ከጎርፍ በኋላ የሚገድለው ውሃው ራሱ አይደለም፤ የሚጠጣው ነው። በ1998 ዓ.ም አገሪቱን ያዳረሰው አተት የጀመረው ጋምቤላ ነው። ውሃ ማፍላት እንጨት ይፈልጋል፣ እንጨቱ ደግሞ ርሷል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አጋር ቀድሞ መግዛት ይበጃል። ለምለም ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ተደርጎ። አጎበር ደግሞ ቁልፉ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ወባ ይመጣል። እባብም እንደኛ ደረቅ ቦታ ፈላጊ ነው፤ ማታ ቆጥ ላይ እጅን ሳያዩ መስደድ አይገባም።

ፍየል ያለው፣ መሸጡ ካልቀረ፣ በሰኔ ይሽጥ። በነሐሴ ሁሉም ሻጭ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዕድር። በደገኛው ሰፈር ዕድር አለ፤ ድንኳን አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ መዝገብ አለው፣ ማን የት እንደሚኖር የሚያውቅ ጥሩንባ ነፊ አለው። ጎርፍ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሁሉ ተገዝቶ ተቆልፎበት ተቀምጧል። የሚከፈተው ግን ሰው ሲሞት ነው። አንድ የዕድር ዳኛ ይህን ስነግራቸው “ደንቡ አይፈቅድም” አሉኝ። ደንቡን የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላም የእማማ ጥያቄ አልተመለሰም። “እርስዎስ የት ይሄዳሉ?” አልኳቸው። በኢታንግ መንገድ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንዲት አኙዋክ ወዳጅ አሏቸው፤ የዛሬ ስንት ዓመት ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲሸጡ የተዋወቁ። በየሰኔው አንድ ጆንያ በቆሎ ወስደው እዚያ ያስቀምጣሉ። ጎርፍ ከመጣ እህላቸው ቀድሟቸው ሄዷል። ካልመጣ ወዳጃቸው ሩቡን ወስዳ ቀሪውን ትመልሳለች። ላሞቹን በዘመድ ቤት የመበተን ያ የጥንት ብልሃት፣ ከብት በሌለው የከተማ ቤት በአንድ ጆንያ ቀጥሏል።

በዚያ ዓመት፣ በ2015፣ ኢታንግ አካባቢ በኑዌርና በአኙዋክ መካከል ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ፤ ከተማውም ሰዓት እላፊ ገባ። በዚያ መንገድ የሚሄድ አልነበረም። ከፍታው ያለው እዚያ፣ ሰውየው ያለው እዚህ። እማማ ጆንያውን ቆጥ ላይ ሰቀሉት። ስለ ወዳጃቸው ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ፤ ስልኳን ግን አላጠፉትም።

በ2016 ግንቦት ወዳጃቸው ራሷ ደወለች። ስለ እህል አልነበረም የደወለችው፤ የልጅ ልጅ ተወልዶላት ነው። ረጅም ሰዓት አወሩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልለየሁትም፤ አማርኛም ነበረበት። እማማ ስልኩን ዘግተው ሲነሱ መጀመሪያ ያዩት ወደ ቆጡ ነው። “ና እስቲ፣ ይህን ጆንያ አውርድልኝ” አሉኝ።